ከቁርጥራጭ እንጨት ትንሿን ጊታር መሥራት፦ ብሪጁን የነቀለው ምንድን ነው?

ጥያቄው ከፍኖተ ሰላም ነው የመጣው፣ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ እኔ ፈርኒቸር ቤት ነው የምሠራ። የዋንዛ፣ የጽድ፣ የኤምዲኤፍና የኮምፔንሳቶ ቁርጥራጭ ሁሌ ይተርፋል፣ አብዛኛው ለማገዶ ነው የሚሄደው። ለእህቴ 25 ሳንቲም የምትሆን ጊታር ልሠራላት ብዬ የእውነተኛውን ጊታር ልክ ለአራት አካፍዬ ቆረጥኩ፣ ውፍረቱን ግን እንዳለ ተውኩት። የዋንዛውን ጎን 2 ሚሊ አድርጌ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ ሳጥፈው ወገቡ ላይ ተሰበረ፣ በኮላ ለጥፌ ቀጠልኩ። ፊቱ 3 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ነው። ቫርኒሽ ከቀባሁ በኋላ ብሪጁን፣ ክሩ ፊቱ ላይ የሚታሰርበትን ቁራጭ፣ በሱፐር ግሉ ለጥፌ የእውነተኛ ጊታር የብረት ክር አሰርኩበት። መጀመሪያ ክሩ ልል ሆኖ ይንቀጫቀጫል፣ ትንሽ ድምፅ እስኪሰጥ ሳጠብቀው አንገቱ ጎበጠ፣ ቀጥሎ ብሪጁ ተነቀለ። ፍሬቱን፣ አንገቱ ላይ ያሉትን አግዳሚ ብረቶች፣ በማስመሪያ እኩል ነው የከፋፈልኩት፣ ከመነቀሉ በፊት ስሞክረው ቅኝቱ ልክ አይመጣም ነበር። እንጨቱን ላወፍረው? ወይስ ዋንዛ ለድምፅ አይሆንም? ጥሩ ቫርኒሽ ብቀባውስ ድምፁ ይሻሻላል?»

አታወፍረው። ዋንዛውም ምንም ጥፋት የለበትም፣ ቫርኒሽ ደግሞ በየትኛውም ጊታር ላይ ድምፅ ጨምሮ አያውቅም፣ ሲበዛ ይቀንሳል እንጂ። የተበላሸብህ ነገር የእንጨት ምርጫ አይደለም፣ አንዲት 25 ሳንቲም ዕቃ ሁለት ሥራ እንድትሠራልህ ነው የጠየቅካት፣ የትልቁን ጊታር መልክም እንድትይዝ የትልቁን ጊታር ድምፅም እንድትሰጥ። መልኩን ለአራት ማካፈል ትችላለህ። ድምፁን ግን አትችልም፣ ለምን እንደማትችል ደግሞ በደንብ ልንገርህ ምክንያቱም ይሄን ካልተረዳህ ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚሁ ነው የሚነቀልብህ።

ከክሩ እንጀምር። የእውነተኛ ጊታር ክር ከነቱ፣ ማለትም አንገቱ ጫፍ ላይ ክሩ ከሚያርፍባት ቁራጭ፣ እስከ ብሪጁ ድረስ 65 ሳንቲም ገደማ ነው፣ ያንተ ለአራት ሲካፈል 16 ሳንቲም ተኩል አይሞላም። አንድ ክር ምን ያህል ቀጭን ድምፅ እንደሚሰጥ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፣ ርዝመቱ፣ ክብደቱና የተወጠረበት ኃይል። ያንኑ ክር በዚያው ውጥረት አሳጥረህ ሩብ ብታደርገው ድምፁ አራት እጥፍ ይቀጥናል፣ ማለትም ሁለት ኦክታቭ ሽቅብ ይወጣል (አንድ ኦክታቭ ማለት ድምፁ እጥፍ ሲቀጥን ነው)። በተለመደው ቅኝት ላይ ልያዘው ካልክ ደግሞ ውጥረቱን ወደ አንድ አስራ ስድስተኛ ማውረድ አለብህ። ስድስት የብረት ክር በእውነተኛው ጊታር ላይ ባንድ ላይ 70 ኪሎ ገደማ ይስባል፣ የናይለኑ 40 ኪሎ አካባቢ ነው። 70ን ለ16 ስታካፍለው ለስድስቱም ክር 5 ኪሎ እንኳን አይደርስም፣ በዚህ ውጥረት ደግሞ ወፍራም የብረት ክር ዝም ብሎ ይዝለፈለፋል። መጀመሪያ ያየኸው መንቀጫቀጥ ይሄ ነው። ከዚያ «ድምፅ እስኪሰጥ» ያልከው ላይ ስትደርስ በሚሊ የሚለካ ሙጫ ላይ የትልቁን ጊታር ሸክም ጫንክበት ማለት ነው።

ሸክሙ እንዴት እንደነቀለው እንይ። የብሪጁን ርዝመት ለአራት ወርዱንም ለአራት ስታካፍል ሙጫው የሚይዝበት ቦታ አስራ ስድስት ጊዜ ይቀንሳል። የክሩ ጉልበት ግን ካልቀነሰ፣ እያንዳንዷ ስኩዌር ሳንቲም ሙጫ አስራ ስድስት እጥፍ ትሸከማለች። ፊቱን 3 ሚሊ አይደለም 5 ሚሊ ብታደርገው ይሄ ቁጥር አይለወጥም፣ ለዚህ ነው አታወፍረው ያልኩህ። በዚያ ላይ ብሪጁን የለጠፍከው እንጨት ላይ ሳይሆን ቫርኒሽ ላይ ነው። ቫርኒሽ ላይ የተለጠፈ ነገር የሚይዘው ቫርኒሹ እንጨቱን እስከያዘ ድረስ ብቻ ነው፣ የተነቀለውን ብሪጅ ገልብጠህ ሥሩን እየው፣ የቫርኒሽ ቅርፊት ይዞ ወጥቶ ከሆነ ሙጫው ከእንጨቱ ጋር ጭራሽ አልተገናኘም። ብሪጅ ሁልጊዜ ባዶ እንጨት ላይ በነጩ የእንጨት ኮላ ነው የሚለጠፈው፣ ቫርኒሽ ወይ ጎማላካ (በአልኮል የሚሟሟውን የእንጨት ማብለጭለጫ) ስትቀባ ቦታውን በወረቀት ፕላስተር ሸፍነህ ታልፈዋለህ። ሱፐር ግሉ ደግሞ ቶሎ ይይዛል ግን ድርቅ ያለ ነው፣ ወደ ላይ የሚልጥ ጉልበት አይወድም፣ የክር ስበት ደግሞ በትክክል የሚልጥ ጉልበት ነው።

የሆዱ አየር ሌላው ጉዳይ ነው። ጊታር ወፍራሙን ድምፅ የሚያገኘው ሆዱ ውስጥ ያለው አየር በቀዳዳው በኩል ሲተነፍስ ነው፣ በትልቁ ጊታር ይሄ የአየር ድምፅ 100 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 100 ንዝረት፣ አካባቢ ነው። ሁሉን ነገር ለአራት ስታካፍለው ወደ 400 ኸርዝ ይወጣል። የጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ 82 ኸርዝ ነው፣ ስለዚህ ለዚያ ክር የሚያግዘው ሆድ የለም፣ የፈለግከውን እንጨት አምጣ፣ ወይራም ይሁን ዋንዛ፣ ባዶ ቲክ ቲክ ብቻ ነው የምትሰማው። ዋንዛ ለድምፅ አይሆንም ወይ ላልከው ግን፣ በገናውም መሰንቆውም ከዋንዛ ይሠራል፣ ማንም ስለ ዋንዛ ሊጠራጠር አይገባም። ጊታር ላይ ደግሞ የጎንና የጀርባው እንጨት ሰው የሚያስበውን ያህል ለውጥ አያመጣም። የዛሬውን ክላሲካል ጊታር ቅርፅ ያስያዘው ስፔናዊው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ በፈረንጆች 1862 ጎኑና ጀርባው ካርቶን የሆነ ጊታር ሠርቷል፣ ፊቱን ብቻ በጥሩ እንጨት አድርጎ፣ ድምፁን የሚሠራው ፊቱ መሆኑን ለማሳየት። ጊታሩ እስካሁን ባርሴሎና ሙዚየም ውስጥ አለ። በቁርጥራጭ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ ወሬ የለም፣ ጥሩ እንጨት ለፊቱ ብቻ ፈልግ፣ ሌላው ከማገዶው ክምር ይወጣል።

ስለዚህ ለእህትህ የምትሠራትን የመደርደሪያ ጊታር እንደ ሞዴል ቁረጣት። ልኩን ልስጥህ፣ የክላሲካል ጊታር ሩብ ነው። የሆዱ ርዝመት 12 ሳንቲም ከ2 ሚሊ፣ የታችኛው ሰፊው ቦታ 92 ሚሊ፣ ወገቡ 59፣ የላይኛው 70፣ የጎኑ ከፍታ 24፣ የድምፅ ቀዳዳው ዲያሜትር 21፣ አንገቱ ነት ላይ 13 ሚሊ ወርድ። ውፍረት ላይ ስትደርስ ግን ለአራት አታካፍል፣ እንዳለም አትተው። የእውነተኛው ፊት 2 ሚሊ ተኩል ነው፣ ሩቡ 0.6 ሚሊ ይሆናል፣ ይሄን በእጅ ማውጣት ይቻላል ግን ስትይዘው ይሰነጠቃል። ፊቱን 1 ሚሊ፣ ጀርባውን 1 ሚሊ፣ ጎኑን 0.8 አድርገው። ከውጭ ማንም ውፍረቱን አያየውም፣ በድምፅ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ብቻ ይታያል፣ እዚያ ጋ ጠርዙን ከውስጥ በኩል ሸርተት አድርገህ ብታሳሳው ፊቱ 0.6 ይመስላል። በሁለት ሚሊ ኮምፔንሳቶ የተሠራ ሞዴልና እንዲህ የተሠራ ሞዴል ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ስለ ጊታር ምንም የማያውቅ ሰው እንኳን የትኛው ትክክል እንደሆነ ይጠቁምሃል።

እንጨት ስትመርጥ አንድ ነገር ያዝ፣ ጊታሩ ቢቀንስም የእንጨቱ መስመር አብሮ አይቀንስም። ዋንዛ ቀዳዳው በዓይን የሚታይ ነው፣ ቁም ሳጥን ላይ ያምራል፣ 12 ሳንቲም ሆድ ላይ ግን ቀዳዳዎቹ የጣት ያህል ትልቅ መስለው ይታያሉ፣ ሞዴል መሆኑን ያጋልጣል። ግራቪሊያም እንደዚያው፣ ነጠብጣቡ ይበዛል። ለፊቱ ጽድ ፈልግ። ጽድ መስመሩ ቀጥ ያለና ጠባብ ነው፣ በአንድ ወቅት እርሳስ የሚሠራበት እንጨት የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ለስላሳ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። ከክምሩ ውስጥ ስትመርጥ የቁራጩን ጫፍ እየው፣ የዕድሜ መስመሮቹ ወደ ሰፊው ፊት ቀጥ ብለው የቆሙበትን ነው የምትፈልገው፣ የተኙበትን ተወው ይጣመማል። ዝግባ ካገኘህም ጥሩ ነው፣ መስመሩ ብዙም አይታይም። ለፍሬት ሰሌዳውና ለብሪጁ ወይራ፣ ከሙቀጫ ዘነዘና ወይም ከመጥረቢያ እጀታ ስብራት ትንሽ ብታገኝ ትበቃሃለች፣ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ቀጭን ነገር ሲቀረጽበት አይፈረፈርም። ዋንዛህን ለአንገቱና ለጀርባው አድርገው፣ ጠንካራ ክፍል መርጠህ፣ ቀዳዳውን በራሱ ሰጋቱራና በኮላ ሞልተህ። ባህር ዛፍ አትንካ፣ ውስጡ የታመቀ ውጥረት አለው፣ ሲሳሳ እንደፈለገው ይጠማዘዛል። ኤምዲኤፉና ኮምፔንሳቶው ደግሞ የታጠፈው ጎን የሚታሰርበት ፎርማ ይሁኑህ፣ የጊታሩን ግማሽ ቅርፅ ሁለት ሦስቱን ደራርበህ ቁረጥ፣ እነሱ ለዚህ ሥራ ከማንም ይሻላሉ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ዋንዛም ጽድም ዝግባም ጥበቃ የሚደረግላቸው አገር በቀል ዛፎች ናቸው፣ ለዚህ ብለህ ቅርንጫፍ እንኳን እንዳትቆርጥ፣ ሥራው ከትራፊ ነው የሚያምረው፣ አንድ የተጣለ የበር መቃን አስር ጊታር ይወጣዋል።

ማጠፉ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ውሃ እንጨት ያለሰልሳል ብለው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ብቻውን ብዙም አይሠራም፣ እንጨቱን ከውስጥ የያዘው ሊግኒን የሚባለው ነገር የሚላላው በሙቀት ነው፣ ውሃው ሙቀቱን ወደ ውስጥ ይወስዳል፣ እንዳይቃጠልም ይጠብቀዋል። ስለዚህ አንድ ሌሊት መዘፍዘፍ አያስፈልግህም፣ ለ0.8 ሚሊ ግማሽ ሰዓት በቂ ነው፣ ሲበዛ እንዲያውም ቀለሙ ይበላሻል። ውፍረቱ ግን ዋናው ነው። እንጨት ሲታጠፍ የውጭው ቆዳ ይለጠጣል፣ መለጠጡ በውፍረቱ ልክ ይጨምራል፣ በመታጠፊያው ስፋት ልክ ይቀንሳል። የትልቁ ጊታር ወገብ ሰፊ ስለሆነ 2 ሚሊ ይቀበላል፣ ያንተ ወገብ አራት እጥፍ የጠበበ ነው፣ ያንኑ 2 ሚሊ ስትሰጠው መለጠጡ አራት እጥፍ ሆነ፣ ስለዚህ ቀጭ አለ። በ0.8 ብትሠራው አይሰበርም ነበር።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ዲያሜትሩ 3 ሳንቲም ገደማ የሆነ የብረት ቱቦ ሞርሳ ላይ አስረህ ከውስጡ በከሰል አጋለው፣ ውሃ ጠብ ስታደርግበት ጠብታው እየዘለለ ከሄደ ደርሷል፣ ወዲያው ካጨሰ ግን በዝቷል። ርጥቡን ስስ እንጨት ወገቡ ጋ ምልክት አድርገህ ቱቦው ላይ አስቀምጠው፣ በጉልበት አትጫነው፣ ወዲያና ወዲህ እያመላለስክ ጠብቀው፣ የሆነ ጊዜ ላይ እጅህ ውስጥ ልውስ ሲል ይሰማሃል፣ ያኔ ነው የሚታጠፈው፣ ከዚያ በፊት ከገፋኸው ይሰበራል። ከውጭ በኩል ከዘይት ጣሳ የተቆረጠ ቆርቆሮ አብረህ ብትይዝ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ይደግፈዋል፣ የጣሳውን ጠርዝ ግን አጥፈው እጅ ይቆርጣል። ወገቡን መጀመሪያ፣ የላይኛውንና የታችኛውን ኋላ፣ ከዚያ ፎርማው ላይ አስረህ እስከ ማግስቱ ተወው። ይሄ ሁሉ ከበደኝ ካልክ ሁለት የግማሽ ሚሊ ስስ እንጨት በኮላ ደራርበህ ፎርማው ላይ ማሰር ትችላለህ፣ ሲደርቅ አንድ ሆኖ ቅርፁን ይይዛል። አንዳንድ ሰው ሆዱን ከአንድ ጉማጅ ይፈለፍላል፣ አልመክርህም፣ ወገቡና ጫፎቹ ላይ መስመሩ አጭር ስለሚሆን ትንሽ ሲወድቅ እዚያ ጋ ይገነጠላል።

እንጨቱን ወደ 1 ሚሊ ለማውረድ መላጊያ አይሆንም፣ ይቀደዋል። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ለጥፈህ ቁራጩን እየፈተግክ አውርደው፣ መጨረሻውን በብርጭቆ ስባሪ ጠርዝ ፋቀው፣ እንደ ላጲስ ርጋፊ ሳይሆን እንደ ስስ ቅርፊት ከወጣ በትክክል እየፋቅክ ነው። ውስጡን ባዶ እንዳትተወው፣ ከቀዳዳው በላይና በታች አንድ አንድ አግዳሚ፣ ከብሪጁ ሥር ደግሞ ሦስት እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ 1 ሚሊ ተኩል ጽዶች ለጥፍ። ፊቱና ጎኑ የሚገናኙበት ላይ ከውስጥ ቀጭን የቀርከሃ ስንጣሪ አዙርበት፣ እንጅባራ በኩል የሚመጣው ቀርከሃ ቀጥ ብሎ ስለሚሰነጠቅ ለዚህ ሥራ የሚያክለው የለም። ሞርሳ የሚበቃ ቦታ ስለሌለ የልብስ መቆንጠጫ ዙሪያውን ደርድርበት።

ፍሬቱ። በእኩል መከፋፈልህ የሚገርም አይደለም፣ በአገራችን ክራር የሚሠራ ሰው ፍሬት አያውቅም፣ ክራር ላይ አንድ ክር አንድ ድምፅ ነው። ጊታር ላይ ግን እያንዳንዱ ፍሬት ክሩን በተወሰነ እጅ ያሳጥረዋል፣ በተወሰነ ሚሊ አይደለም፣ ስለዚህ ወደ ሆዱ ሲጠጋ እየተቀራረበ ይሄዳል። ሕጉ ቀላል ነው፣ የቀረውን የክር ርዝመት ለ17.817 አካፍል፣ መልሱ የሚቀጥለው ፍሬት ርቀት ነው፣ ከቀረው ላይ ቀንሰህ እንደገና አካፍል። ያንተ ክር 162.5 ሚሊ ከሆነ ከነቱ ጀምሮ ስትለካ የመጀመሪያው 9.1 ላይ፣ ሁለተኛው 17.7፣ ሦስተኛው 25.9፣ አራተኛው 33.5፣ አምስተኛው 40.8፣ ስድስተኛው 47.6፣ ሰባተኛው 54.0፣ ስምንተኛው 60.1፣ ዘጠነኛው 65.9፣ አስረኛው 71.3፣ አስራ አንደኛው 76.4፣ አስራ ሁለተኛው 81.25 ላይ ይውላል። አስራ ሁለተኛው የክሩ ልክ ግማሽ ካልሆነ አንድ ቦታ ተሳስተሃል። ሁሉንም ከነቱ ጀምረህ ለካ፣ ከፍሬት ወደ ፍሬት እየለካህ አትሂድ፣ ትንንሽ ስህተቶች ይደማመራሉ። አንተ እኩል ስትከፋፍል እያንዳንዱን 6.8 ሚሊ አካባቢ አድርገኸዋል፣ የመጀመሪያው 9 መሆን ሲገባው የመጨረሻው ደግሞ 5 አይሞላም፣ ሞዴሉ ድምፅ ባይኖረውም ይሄ በዓይን ይታወቃል፣ ጊታር የሚጫወት ሰው ወዲያው ያየዋል። ለፍሬቱ ብረት ከመብራት ገመድ ውስጥ ካሉት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ሁለቱን ገምደህ በቀጭን ኮላ አስቀምጥ። ነቱንና ብሪጁ ላይ የምትቀመጠውን ሳድል ከበሬ አጥንት አውጣ፣ አጥንቱን ቀቅለህ ቅባቱን አስለቅቀው፣ አለዚያ ኮላ አይዘውም፣ ቆይቶም ይቢጫል።

ለክር የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ውሰድ፣ ባሕር ዳር እንደልብ ነው፣ 0.2 ሚሊው ለቀጫጭኖቹ ሦስት ይሆናል። ለወፍራሞቹ ሦስት ያንኑ ናይለን በቀጭን መዳብ ጠምጥመው፣ ልክ እንደ እውነተኛው ያብረቀርቃል። ጥብቅ እንዲመስል ክሩ ቀጥ እስኪል ድረስ ብቻ ሳበው፣ በቃ። የብረት ክር በጭራሽ።

ክረምት ላይ አትለጥፍ። ይሄን አጥብቄ የምነግርህ ብዙ ጊታርም ክራርም በዚህ ነው የሚሞተው። እንጨት በርዝመቱ ምንም አይቀንስም ማለት ይቻላል፣ በወርዱ ግን እርጥበት ሲጠጣ ይሰፋል ሲደርቅ ይሰበሰባል። በነሐሴ፣ ያ ሁሉ ዝናብና ጉም እያለ፣ ፊቱን ጎኑ ላይ ከለጠፍከው ያበጠ እንጨት ነው የቆለፍከው፣ ጥር ላይ ግማሽ ሚሊ ገደማ ልሰብሰብ ሲል ዙሪያውን ኮላው ይዞታል፣ መሄጃ ሲያጣ መሃል ለመሃል ይሰነጠቃል። ከጥቅምት በኋላ ሥራው። ቁራጮቹን ከወርክሾፑ አውጥተህ ጥቂት ሳምንት ሰው የሚኖርበት ቤት ውስጥ አቆያቸው፣ ከምድጃም ከፀሐይም ርቀው። ጊታሯ የምትኖረው ቤት ውስጥ ስለሆነ እንጨቱም የቤቱን አየር መልመድ አለበት።

ቀለሙ ላይ ወፍራም ቫርኒሽ ተው፣ ሞዴል ላይ ከረሜላ ያስመስለዋል። ጎማላካ በጥጥ ጨርቅ እየቀባህ፣ ስስ ስስ አድርገህ፣ በየመሃሉ እያደረቅክ። ጎማላካ የሚሟሟው በንፁህ አልኮል ነው፣ ከፋርማሲ ስትገዛ 96 ፐርሰንቱን ጠይቅ፣ 70ው ውሃ ስላለበት ነጭ ዳመና ይሠራብሃል፣ አረቄማ ጭራሽ እንዳትሞክር።

ጥንቃቄዎቹን ሳልነግርህ አላልፍም። አምስት ሳንቲም የማትሞላ ቁራጭ ክቡ የማሽን መጋዝ ላይ አታስጠጋ፣ ፈርኒቸር ቤት ውስጥ ጣት የሚሄደው በትልቁ ጣውላ ሳይሆን እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ነው፣ ለዚህ ሥራ የእጅ መጋዝ በቂ ነው። ቱቦውን በከሰል ስታግል ውጭ ሁን፣ በር ዘግተህ ከሰል ማንደድ ሽታ በሌለው ጭስ ይገድላል። የጽድና የወይራ ብናኝ ሳንባ ይቆጣል፣ ማስክ አድርግ። ሱፐር ግሉ ለፍሬት ከተጠቀምክ ከዓይንህ አርቀው።

አሁን፣ እህትህ መዝፈን ትወዳለች ወይ፣ መጫወት ትፈልጋለች ወይ፣ አልነገርከኝም። የምትጫወትበት ከሆነ ሩብ ጊታር ተውና ኡኩሌሌ ሥራላት ወንድምዓለም። ኡኩሌሌ በፈረንጆች 1879 ከማዴራ ደሴት ወደ ሃዋይ የተሰደዱ ፖርቱጋሎች ይዘውት ከሄዱት ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ የወጣ ነው፣ ትንሽ ሆኖ የሚሠራበት ምክንያት ደግሞ ግልፅ ነው፣ የጊታርን ወፍራም ክሮች ጭራሽ አይሞክርም። ዝቅተኛው ድምፁ 262 ኸርዝ ነው፣ ለዚያ የሚበቃ ሆድ ደግሞ 24 ሳንቲም ርዝመትና 16 ሳንቲም ወርድ ነው፣ ጥልቀቱ 6። የክሩ ርዝመት 34 ሳንቲም ተኩል፣ የመጀመሪያው ፍሬት 19.4 ሚሊ ላይ፣ አስራ ሁለተኛው 172.5 ላይ። ፊቱ 2 ሚሊ ጽድ፣ ጎኑና ጀርባው 1.6 ሚሊ ዋንዛ፣ እዚህ ላይ ዋንዛ ልኩ ነው፣ ቀዳዳውም አያስጠላም። ክሩ ናይለን፣ ስበቱ ከጊታር በጣም ያነሰ ስለሆነ ባዶ እንጨት ላይ በነጭ ኮላ የተለጠፈ ብሪጅ ያለ ጭንቀት ይይዘዋል። ትዝታም ባቲም ይወጣበታል።

እኔ የምልህ ግን መጀመሪያ ሞዴሏን ጨርስ። ማጠፍም፣ ማሳሳትም፣ ፍሬት መለካትም እጅህ የሚለምደው እዚያ ላይ ነው፣ ቢበላሽ የምትጥለው እፍኝ የማይሞላ ትራፊ ነው፣ ከዚያ ያንኑ ፎርማ አሳድገህ ኡኩሌሌውን ትቀጥላለህ። የተሰበረውን አካል ጥገና አትጀምርለት፣ የኮምፔንሳቶው ፊት በምንም አይስተካከልም። አንገቱን ግን አትጣለው፣ የጎበጠው ዋንዛው ደክሞ ሳይሆን ስለተጎተተ ነው፣ ክሩን ፈተህ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ለጥቂት ቀን አስረህ ተወው፣ ቀጥ ካለ የፍሬት ሰሌዳውን ብቻ ልጠህ በወይራ ቀይረው።